በመስኮቱ ላይ ያለው ጥርስ

ሰው ሰራሽ ጥርስ በምንሠራበት ክፍል ከጎኔ የምትቀመጠውን ሴት ሁላችንም «ጥርሴ» ነው የምንላት። ስሙን ያወጣላት የድሮው አለቃችን ነው። ሥራ በጀመረች ሰሞን ሐኪም ቤቱ የመለሰውን አንድ ጥርስ ከፍ አድርጎ ይዞ «ይሄ የማነው?» ብሎ ሲጮህ፣ «ጥርሴ ነው፣ ምን ሆነ?» ብላ ብድግ አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ በስሟ የጠራት ሰው ትዝ አይለኝም።

ሳቂታ ናት። እጇ ወርቅ ነው። ቂሟ ግን አይጣል ነው። አንድ ሐኪም የጽዳት ሠራተኛችንን በሰው ፊት አዋርዷት ነበር። ሌሎቻችን ስናጉረመርም ጥርሴ ቃል አልተነፈሰችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የእሱ ሥራ ሁልጊዜ ከሁሉም ኋላ ይደርሳል። ሲደውል «ጀሶው እየደረቀ ነው ዶክተር» ትለዋለች፣ ማር በሚንጠባጠብበት ድምፅ። ሰውየው ሥራ እስኪለቅ ድረስ ጀሶው አልደረቀም።

እናቷ ባረፉ በዓመቱ፣ በጋ ላይ፣ የዓመት ዕረፍታችንን አንድ ላይ አስፈቅደን «ነይ እናቴ ቤት ገጠር እንሰንብት» አለችኝ። ስንዘገጃጅ ጀሶውን፣ ሰሙን፣ ሞረዱን፣ በካርቶን የተደረደሩትን ጥርሶች ሁሉ በሻንጣ ስትከት አየኋት።

«ለዕረፍት ነው ወይስ ለሥራ የምንሄደው?» አልኳት።

«አክስቴ ጥርሳቸው ጉድጓድ ገብቶባቸው ነው። ውሃ ሊቀዱ አጎንብሰው ሰው ሲያሙ ነው አሉ የወደቀው። የልጃቸው ሠርግ ደግሞ ደርሷል። ‹ልጄ፣ ከመጣሽ አይቀር ዕቃሽን ይዘሽ ነይ› ብለው ደወሉልኝ።»

«እሺ አልሻቸው?»

«በደስታ ነዋ!»

ድምፅዋ ያ ለሐኪሙ የምታወጣው ድምፅ ነበር። ልብ ብዬዋለሁ፣ ግን ምን አገባኝ ብዬ ሻንጣዬን ዘጋሁ።

አውቶቡሱ መንገድ ዳር አራግፎን ሄደ። የእናቷ ቤትና የአክስቷ ቤት ፊት ለፊት ናቸው፤ መሃላቸው አንድ ጋሪ የሚያሳልፍ የአቧራ መንገድ ብቻ ነው። የእናቷ ቤት ሁለት ክፍል አለው። ከጓሮው የዳቦ ቤት ነበር፤ ትልቅ የጡብ ምድጃ፣ ረጅም የሊጥ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የእንጨት አካፋ። ሁሉም በቦታው ነው። ምድጃው አፍ ላይ ሸረሪት ድሯን አድርታበታለች።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት አያልቁም ነበር። ጠዋት በሩን ወለል አድርገን ወለሉን ውሃ እንረጨዋለን፤ ዞር ሳንል ይደርቃል። ከዚያ ከበለሱ ዛፍ ሥር ወንበር አውጥቶ መቀመጥ ነው። ዝንብ፣ የታጨደ ሣር ሽታ፣ ከሩቅ የአንድ ትራክተር ድምፅ። መንገዱ መሃል የሚተኛ አንድ ውሻ ነበር፤ በብስክሌት የሚያልፈው ፖስተኛ እንኳ ዞሮት ይሄዳል እንጂ አይቀሰቅሰውም። እኔ ደስ ብሎኝ እንቅልፌን እለጥጣለሁ። ጥርሴ አትተኛም። የእናቷን ቁም ሳጥን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። የሻሻቸውን ጠረን ታሸታለች። አንድ ቀን የሥራ ሽርጣቸውን አውጥታ ኪሱን ስትገለብጥ ሁለት አዝራርና የደረቀ የሎሚ ልጣጭ ወጣ። ልጣጩን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ከዚያ መልሳ ኪሱ ውስጥ ከተተችው።

ስለ እናቷ የነገረችኝ በእነዚያ ቀናት ነው። በአንድ ጊዜ አይደለም፤ ምስር ስንለቅም፣ ልብስ ስናሰጣ፣ በቁርጥራጭ።

እናቷ ዳቦ ጋጋሪ ነበሩ። በአካባቢው ያለ ሰው ሁሉ የሚበላው የእሳቸውን ዳቦ ነበር። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ተጫዋች፣ መጠጥ ወዳድ። ጉበቱ ታመመና ሐኪሙ «ጠብታ ቢቀምስ አልቋል» አለ። እናቷ ቤቱ ውስጥ ያለውን ጠርሙስ ሁሉ ለቅመው ደፉት። ሰውየው እየተሻለው ነበር፤ ተነስቶ በር ላይ መቀመጥ ጀምሮ ነበር። አንድ የበጋ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እናቷ ዳቦ ሊያደርሱ ወጥተው ሲመለሱ ደም ሲያስመልሰው አገኙት። ሳይመሽ ሞተ። ጥርሴ ያኔ ሁለተኛ ክፍል ናት።

ለቅሶው ላይ የአባቷ እህት፣ ይህችው የማዶዋ አክስቷ፣ ከሰው መሃል ተነስታ ደረቷን እየመታች «ወንድሜን መርዝ አበላችብኝ! በዳቦዋ አበላችብኝ!» አለች።

ይኸው ነው። ሌላ ማስረጃ አልቀረበም፣ የጠየቀም የለም። በማግስቱ ዳቦ ሊገዛ የመጣ አልነበረም። በሳምንቱም አልነበረም። ከሴትየዋ እጅ የሚበላ ሰው ጠፋ። እናቷ ምድጃውን አጥፍተው የሰው ልብስ አጣቢ ሆኑ፤ ልብስ አይበላማ።

«ትምህርት ቤት» አለችኝ ጥርሴ፣ «ዳቦዬን ላካፍላት ስል አንዲቷ ልጅ እጇን ወደ ኋላ ደበቀች። ‹የእናቷን እንዳትበሉ› አለች ለሌሎቹ። እያለቀስኩ ለእናቴ ነገርኳት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‹እሰይ! በይ ሙሉውን ብቻሽን ብዪው!› ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። አየሽ፣ እንዲያ ነበረች። ፊቷን አዙራ ምን እንደምታደርግ ግን አላይም ነበር።»

ሌላም ነገረችኝ። እናቷ ወደ ገበያ ሲወርዱ በዋናው መንገድ አይሄዱም። በዚያ ላይ ሱቁ አለ፤ በሱቁ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ሴቶች ይቀመጣሉ። ስለዚህ በገደሉ በኩል፣ በእሾሁ መሃል ዞረው ነው የሚወርዱት። ልጅቷ «ለምን በዚህ እንሄዳለን?» ስትላቸው «በዚህ በኩል ጥላ አለ» ይሏታል።

«ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ባለፈው ሄጄ አየሁት» አለችኝ። «አንድ ዛፍ የለበትም። ኖሮበትም አያውቅም።»

እውነቱን ያወቀችው እናቷ ሆስፒታል በተኙበት በመጨረሻው ሰሞን ነው። ባላቸው የሞተ ቀን ከፍራሹ ሥር የመጠጥ ጠርሙስ አግኝተው ነበር። የማን እንደሆነ ወዲያው ነው ያወቁት፤ አክስቲቱ ቤት የሚቀመጥ፣ አንገቱ የተሸረፈ አረንጓዴ ጠርሙስ ነው። ወንድሟን ስለምትወድ፣ ሲለምናት አላስችል ብሏት፣ ደብቃ አምጥታለታለች። እናቷ ጠርሙሱን አጥበው፣ በጨርቅ ጠቅልለው መንገዱን ተሻግረው በእጇ ሰጧት። ቃል አልተናገሩም። አክስቲቱም ቃል ሳትናገር ተቀበለች። ለቅሶው ላይ የጮኸችው ይህን ሁሉ እያወቀች ነው።

«እማዬ፣ ለምን ዝም አልሽ?» አለቻቸው ጥርሴ።

«ራሷ ትናገራለች ብዬ ጠበቅኳት» አሉ እናቷ። ሌላ ነገር አልጨመሩም።

ይህን ነግራኝ ስታበቃ ጥርሷን ነክሳ ከመንገዱ ማዶ ታይ ነበር። አክስቲቱ በሯ ላይ ወንበር አውጥታ በማራገቢያ ፊቷን ትመታለች። በዕድሜ የትየለሌ ስለምትበልጠኝ «እሳቸው» ልላት ይገባኝ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ግን አፌ እምቢ አለኝ።

ሥራው ተጀመረ። አክስቲቱ ጠዋት ጠዋት በሻሿ አፏን ሸፍና ትመጣለች፤ ጥርሷ ከጠፋ ወዲህ ከንፈሯ ወደ ውስጥ ገብቶ አገጭዋ አፍንጫዋን ሊስም ምንም አልቀረው። ንግግሯም ተበላሽቷል፤ ጆሮን አስጠግቶ ካልሆነ የምትለው አይለይም። ጥርሴ «ይቀመጡ አክስቴ»፣ «አይዞዎት»፣ «ትንሽ ከፈት» እያለች በእርስዎታ ታስተናግዳታለች። የላዩን ልኬት ወሰደች፣ የታቹን ወሰደች፣ የንክሻውን በሰም ወሰደች። ሁሉም በጀሶ ተቀርጾ ደርቆ የሊጡ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሯል። እኔ ራሴ ነኝ ያጸዳሁት፤ እንከን አልነበረበትም።

ስለዚህ በማግስቱ «አክስቴ፣ አንዱን ልኬት ልድገመው» ስትል ቀና ብዬ አየኋት። አላየችኝም።

የመለኪያውን ሊጥ በጎድጓዳው ሳህን በውሃ ለወሰችው። ወፈር አድርጋ። የመንጋጋ ቅርጽ ያለው የልኬት ማንኪያ ላይ ሞላችና አክስቲቱ አፍ ውስጥ አስገብታ ወደ ላይ ተጫነችው። «እንግዲህ እንዳይንቀሳቀሱ» አለች። «ሳይደርቅ ከነካኩት ይበላሻል፤ ሠርጉም ሳይደርስልዎት ይቀራል።»

ከዚያ ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ጉልበት ለጉልበት ተቀመጠች።

«አሁን ትሰሚኛለሽ» አለቻት።

ክው አልኩ። በዕድሜዋ አክስቷን «አንቺ» ብላ አታውቅም።

«አባዬ የሞተ ቀን መጠጡን ያመጣሽለት አንቺ ነሽ። በአረንጓዴው ጠርሙስ። ሐኪሙ ያለውን ሰምተሻል፤ ከእናቴ ጎን ቆመሽ ነው የሰማሽው። እናቴ ጠርሙሱን አጥባ በእጅሽ ሰጠችሽ። ተቀበልሻት። ከዚያ ሰው ፊት ቆመሽ ‹አበላችብኝ› አልሽ።»

አክስቲቱ ዓይኗ ፈጠጠ። በጉሮሮዋ አንድ ድምፅ ወጣ። ማንኪያውን ልትስብ እጇን አነሳች።

«ይበላሻል» አለች ጥርሴ በለሆሳስ።

እጇ አየር ላይ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ጉልበቷ ተመለሰ። ይህን በዓይኔ ባላይ አላምንም ነበር።

«እናቴ ‹ራሷ ትናገራለች› ብላ እስክትሞት ጠበቀችሽ። በእሾህ መሃል እየዞረች፣ የሰው ቆሻሻ እያጠበች። እኔ እናቴን አይደለሁም፤ መጠበቅ አልችልም። ይህ አፍሽ ያን ሁሉ ዓመት ሲያወራ ኖሯል። ዛሬ ዝም ብሎ ይስማ።»

ማንኪያውን ስትስበው ጧ ብሎ ወጣ። አክስቲቱ ተፋች፣ ተጉመጠመጠች። «አብደሻል! የሞተች ሴት በተኛችበት… ውሸት ነው!» የመሰለ ነገር አለች፤ ግማሹ ምራቅ ነበር።

ጥርሴ ልኬቱን ወደ ብርሃን አዙራ አየችው። «ጥሩ ወጥቷል» አለች፤ «ጥርስዎ በቅርብ ቀን ይደርሳል አክስቴ።» ሴትየዋ ስትወጣ ልኬቱን ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው።

ከዚያ በኋላ የሠራችውን ያህል ተጠንቅቃ ስትሠራ አይቻት አላውቅም። ጥርሶቹን አንድ በአንድ ሰሙ ላይ ስትሰካ ትንፋሿን ትይዛለች። ጀሶው ውስጥ አስገብታ በእናቷ ትልቅ ድስት ስትቀቅለው እሳቱ እንዳይበዛ አጠገቡ ተቀምጣ ታደምጠው ነበር። ድዱን ስትቀርጽ ትንንሽ የደም ሥሮች ሳይቀሩ አወጣችለት።

«ለእሷ እንዲህ ትለፊያለሽ?» አልኳት።

«እንዲገጥማት ነው የምፈልገው» አለችኝ። «ልክክ እንዲልላት። እንዲናፍቃት።»

አክስቲቱ የመጨረሻ ልክ ልታይ መጣች። መምጣቷ ራሱ ገረመኝ፤ ሠርጉ ግን ቀርቧል። ፊቷን አኮሳትራ ተቀመጠች። ጥርሱ አፏ ሲገባ ጉንጯ ሞላ፣ ከንፈሯ ወጣ። መስታወት አቀበልናት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። በሙያችን የ«ሰ» ድምፅ ካማረ ጥርሱ አምሯል ማለት ነውና «‹ስልሳ ስድስት› ይበሉ» አለቻት ጥርሴ። «ስልሳ ስድስት» አለች አክስቲቱ፤ ጥርት ብሎ። ፖም ሰጠናት፤ ገመጠች፤ እንደ ኮረዳ ሳቀች። ለዚያች ቅጽበት ነገሩን ሁሉ የረሳችው መሰለኝ።

«ትንሽ ማለስለስ ይቀረዋል። ያውጡት» አለች ጥርሴ።

አውጥታ ሰጠቻት። ጥርሴ አጠበችው፣ ውሃ የሞላ ብርጭቆ ውስጥ ከተተችው፣ ብርጭቆውን ወስዳ ወደ መንገዱ በሚያየው መስኮት ላይ አስቀመጠችው።

«ሠርጉ ላይ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ወንድምዎን ማን እንደገደለው ይናገሩ። ያን ጊዜ ይወስዱታል።»

«ባልናገርስ?»

«እዚህ ነው ያለው። ደጅዎ ላይ ተቀምጠው በፈለጉ ሰዓት ያዩታል።»

እንግዲህ ጥርሱ ከዚያ መስኮት ላይ ወደ ማዶ ገጥጦ ተቀመጠ። ፀሐይ ሲመታው ብልጭ ይላል። ወሬው በአንድ ቀን ከዳር እስከ ዳር ደረሰ። ሰው እየመጣ ቆሞ ያያል፣ ይስቃል። አንዷ «ይሄ ጥርስ ብቻውንም ያማል እንዴ?» ብላ መንደሩን አሳቀችው። አክስቲቱ ወንበሯን ወደ ጓሮ አዛወረች። ከዚያ ደግሞ «ልክ እንደ እናቷ ናት፤ ክፋት ከዘር ነው» ማለት ጀመረች። ግን እንዲህ ለማለት የሰው ጆሮ ድረስ መጠጋት ነበረባት፤ ሰሚዎቿም ከንፈሯን እያዩ ሳቃቸውን መያዝ ያቅታቸዋል።

አንድ ቀን ባለሱቁ ራሱ መጣ፤ ሽማግሌ ነው።

«ልጄ፣ ስጫት። የሆነው ሆኗል። አሮጊት ናት።»

«እናቴም አሮጊት ሆና ነው የሞተችው ጋሼ» አለችው። «ሱቅዎ በር ላይ ዘይት ልትገዛ ስትቆም ‹ገበያተኛ ታሸሺብኛለሽ፣ በጓሮ ነይ› አላሏትም?»

ሰውየው ባርኔጣውን አድርጎ ሄደ።

እኔም አንድ ቀን ከሰዓት «ይበቃል መሰለኝ» ብያታለሁ። አልተቆጣችኝም። «አንቺ እናትሽን የቀበርሻት በስሟ ነው» አለችኝ። «እኔ የቀበርኳት ‹ባሏን የበላች› በሚል ስም ነው። ሲበቃኝ እነግርሻለሁ።» ከዚያ ወዲህ ስለ ነገሩ አላነሳሁባትም።

በሠርጉ ዋዜማ አክስቲቱ መስኮቱ ድረስ መጣች። ብርጭቆውን ስታይ ምራቋን ዋጠች። «ስጪኝ። ከሠርጉ በኋላ እናገራለሁ። በልጄ ይሁንብኝ።»

«ከሠርጉ በኋላ ማን ሊሰማዎት?» አለች ጥርሴ፤ መጋረጃውንም አልጋረደች።

ሠርጉ በአክስቲቱ ግቢ ድንኳን ተጥሎ ነበር። ሰው ግጥም ብሏል፤ ሙቀቱ ያፍናል። እኛ ከመጨረሻው ረድፍ ተቀመጥን። ጥርሴ የእናቷን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች። ምግብ ከተነሳ በኋላ ሙሽራው፣ ልስልስ ያለ ልጅ፣ ማይክራፎኑን ይዞ «እናቴ አንድ ቃል ትናገር» አለ። አክስቲቱ ራሷን ነቀነቀች። ሰው አጨበጨበ። ግራ ቀኝ አየችና ተነሳች፤ ዓይኗ እኛ ጋ ሲደርስ ቆመ። ሻሿን ከአፏ ላይ አነሳች።

ተናገረች። «ወንጅሜን… እኔ… መጠፉን…» ነፋስና ምራቅ ነበር የሚወጣው፣ ማይክራፎኑም ይንጫረራል። እንባዋ ይወርዳል። ስትጨርስ ምርቃት መስሏቸው ድንኳኑ በጭብጨባ ተናወጠ። የሙሽራዋ እናት ተነስታ አቀፈቻት። ኦርጋን ተጫዋቹም ሙዚቃውን ለቀቀው።

«ተናገረች!» አልኳት ጥርሴን። «ተናግራለች እኮ፣ ሰማሁ!»

«አልተሰማም» አለች።

ተነሳች። መንገዱን ተሻግራ ገባች፣ ብርጭቆውን ይዛ ወጣች። ውሃው እንዳይፈስ በቀስታ እየተራመደች በወንበሮቹ መሃል አለፈች። ሰው መንገድ ለቀቀላት፤ ታረቁ ብሎ «እልል!» ያለም ነበር። ሙዚቃው ቆመ። አክስቷ ፊት ደርሳ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ዘረጋችላት።

«እንኳን ደስ አለዎት አክስቴ። ያድርጉትና ይድገሙት።»

አክስቲቱ ጥርሱን አወጣች፤ ሰው ሁሉ እያያት አደረገችው። ፊቷ ሞላ። ከዚህ በኋላ የሚያስገድዳት ነገር አልነበረም። ጥርሱ አፏ ውስጥ ነው፤ «ልጆቼ ተባረኩ» ብላ መቀመጥ ትችላለች። ጥርሴ ይህን ታውቃለች፤ አንገቷ ላይ ሥሯ ሲመታ አይቻለሁ። አክስቲቱ ለምን እንዳልዋሸች እኔ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ወንድሜን የገደልኩት እኔ ነኝ» አለች። አንድ ፊደል አልተበላም። «ሐኪሙ ከልክሎት እኔ በስርቆሽ መጠጥ ሰጠሁት። የወንድሜ ሚስት አውቃ ዝም አለችልኝ። እኔ ግን በሐሰት ስሟን አጠፋሁት። ዳቦዋ ምንም አልነበረበትም።»

ሰው እርስ በርሱ መተያየት አልቻለም። የሙሽራዋ አባት ሰዓቱን አየ። ሙሽራው እናቱን ክንዷን ይዞ አስቀመጣት፤ ወደ ጥርሴ ግን ቀና አላለም። ሠርጉ ከዚያ በኋላ ቀጠለ ይባል ይሆናል፤ ዳንሱ ግን የዳንስ ነገር አልነበረውም። እኛ ወጣን። ጥርሴ ቤት እንደገባን ጫማዋን አውልቃ የእናቷ አልጋ ላይ ተጋደመች፤ ደህና ሰው እንደሚተኛው ተኛች።

በማግስቱ ሙሽራው መጣ። በር ላይ ቆመ እንጂ አልገባም።

«እናቴን በሠርጌ ቀን አዋረድሻት።»

«አዎ።»

«ደስ አለሽ?»

«አዎ» አለችው። «አንተ ላይ በመድረሱ አዝናለሁ። በእሷ ግን ደስ ብሎኛል።»

ልጁ ዞሮ መንገዱን ተሻግሮ ሄደ። ከእሱ በኋላ ጎረቤቶች ተራ በተራ ይመጡ ጀመር። «እኛ እኮ ያኔም ልባችን አላመነም ነበር» ይላል አንዱ። «የሰው አፍ ፈርተን ነው እንጂ» ትላለች ሌላዋ። ጥርሴ ወንበር አልሰጠችም። አንዲት ሴት፣ ያቺ በልጅነት ዳቦውን እምቢ ያለቻት ራሷ ናት አሉ፣ «ምድጃውን አስነሺው፣ ሁላችንም እንገዛለን፣ መታሰቢያ ይሁናት» አለች። ጥርሴ ስቃ «ለእናንተ የሚጋገር የለም» ብላ በሩን ገርበብ አደረገችው። ከሴትየዋ ጋር አብሬ ያፈርኩት እኔ ነበርኩ።

ዕረፍታችን አልቆ ተመለስን። የቀረውን በሚቀጥለው በጋ ስንሄድ ነው ያየሁት። አክስቲቱ ደጅ የሚቆም ሰው አልነበረም። አግዳሚው ላይ ስትቀመጥ ሌሎቹ ሥራ ትዝ ይላቸዋል። ልጇ ከሚስቱ ጋር ሌላ ከተማ ገብቷል፤ በስልክ ነው የሚጠይቃት። ጥርሴ ከበለሱ ሥር ተቀምጣ ይህን ሁሉ ስታይ ያዘነች መስላ አልታየችኝም። «እናቴ ብትኖር ትቆጣኝ ነበር» አለችኝ አንድ ቀን፤ ትንሽ አስባም፣ «ትቆጣ» አለች።

በሳምንታችን አክስቲቱ መጣች። ግራ ድዷን ጥርሱ እየፋቀ አቁስሎት ከርሟል። የምትሄድበት ሌላ ጥርስ ሠሪ አልነበራትም። ጥርሴ ወንበር አወጣችላት፣ እጇን ታጠበች፣ አፏን አየች።

«እዚህ ጋ ነው?»

«እዚያው ነው።»

ጥርሱን አውጥታ በሞረድ ትንሽ ነካችው፣ በጣቷ ዳበሰችው፣ ደግማ ነካችው። አክስቲቱ ባዶ አፏን በሻሿ ሸፍና ስታያት ቆየች። ከዚያ ከሻሹ ሥር፣ ጆሮዬን ባላስጠጋ በማልሰማው ድምፅ፣ «ይቅር ብለሽኛል?» አለች።

ጥርሴ ከሞረዱ ቀና አላለችም።

«አላልኩም» አለቻት። «አፍዎን ይክፈቱ።»

ጥርሱ ገባ። አክስቲቱ አፏን ከፈት ዘጋ አደረገች፤ ተስማምቷታል። ተነስታ መንገዱን ተሻገረች፤ ውሻው እዚያው መሃል ተኝቶ ስለነበር ዞራው አለፈች። ጥርሴ ሞረዷን ጠርጋ አስቀመጠችና «ለምሳ ምን እናድርግ?» አለችኝ።